በቃል የመያዝ ልማድ፦ ከቤተልሔም እስከ ዳላስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ 31 ቀን 2018 ምሽት፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ በሜሪላንድ በሚገኝ ትልቅ ሆቴል መድረክ ላይ ሁለት ልጆች ብቻ ቀርተው ነበር። ከ500 በላይ ተማሪዎች የጀመሩት የአሜሪካ ብሔራዊ የእንግሊዝኛ ቃላት አጻጻፍ ውድድር ወደ ማብቂያው ደርሷል። አንዱ የ14 ዓመቱ ካርቲክ ኔማኒ ከመኪኒ ነው፤ ሌላዋ የ12 ዓመቷ ናይሳ ሞዲ ከፍሪስኮ። ሁለቱ ከተሞች ከዳላስ በስተሰሜን ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት በአካባቢው በተደረገው ማጣሪያ ናይሳ ካርቲክን ረትታዋለች። እሱ ወደ ብሔራዊው መድረክ የደረሰው በየአካባቢው ላልቀናቸው ተማሪዎች በዚያው ዓመት በተከፈተ፣ ወላጅ ወጪውን ችሎ በሚያስገባው አዲስ መንገድ ነው። በመጨረሻ ግን ዋንጫው ወደ መኪኒ ሄደ።

በቀጣዩ ዓመት አዘጋጆቹ ከ20 ዙር በኋላ ልጆቹን የሚጥል ቃል አጡ። የቀሩትን ስምንቱንም አሸናፊ ብለው ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር ሸለሙ። ከስምንቱ ሦስቱ የዳላስ፣ የአርቪንግና የፍላወር ማውንድ ልጆች ነበሩ። በ2025፣ ውድድሩ ከተጀመረ 100 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ ያሸነፈው የ13 ዓመቱ ፋይዛን ዛኪ ደግሞ የአለን ከተማ ልጅ ነው። እሷም በዳላስ ዙሪያ ካሉት ከተሞች አንዷ ናት።

ብዙ ሰው ነገሩን «የህንዶች ልጆች ጉብዝና» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፣ ከቅርብ ዓመታት አሸናፊዎች አብዛኞቹ ከህንድ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ከልጆቹ ጀርባ ያለው የአጠናን ዘዴ ግን የህንድ ብቻ አይደለም። ልጁ ያጠናውን ወረቀቱን ሳያይ ፊቱ ለተቀመጠ ሰው ይወጣል። ሰውየው ያዳምጣል፣ ሲሳሳት ያርማል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ መልሶ ይጠይቃል። ቴክሳስ ይህን ልማድ ከመቶ ዓመት በፊት በየገጠሩ ታውቀው ነበር፤ በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤቶች ዛሬም አለ። ከመደበኛው ትምህርት ቤት ከተገፋ በኋላ እንኳ በሌላ በር እየገባ ኖሯል።

በፎርት ዎርዝ ሎግ ካቢን ቪሌጅ በሚባለው ሙዚየም ግቢ ውስጥ፣ ማሪን የሚባል ባለ አንድ ክፍል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤት ይታያል። በእንዲህ ያለ ክፍል የስድስት ዓመቱም የአሥራ ስድስት ዓመቱም ልጅ አብረው ይቀመጡ ነበር። አስተማሪው አንድ ነው። ከፊት ለፊቱ ረጅም አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፤ ተራ የደረሳቸው ልጆች እየተጠሩ እዚያ ላይ ይደረደሩና የተሰጣቸውን ጥናት በቃላቸው ይወጣሉ። የቀሩት በየቦታቸው ጮክ ብለው ያጠናሉ። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ኖኅ ዌብስተር በ1783 ያሳተመው፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው የፊደል መጽሐፍ ነበር። መጽሐፍ ጥቂት፣ ወረቀት ውድ በሆነበት ዘመን ትምህርት ከልጁ ጭንቅላት በቀር ማስቀመጫ አልነበረውም።

ማታ ማታ ደግሞ ያው ክፍል የመንደሩ መዝናኛ ይሆናል። ወላጅ፣ ጎረቤት፣ ጎረምሳው ሁሉ ተሰብስቦ በሁለት ወገን ይቆማል፤ አስተማሪው ቃል ይጠራል፤ የሳተ ይቀመጣል። እስከ መጨረሻው የቆመ ያሸንፋል። ጋዜጦች ይህን የገጠር ጨዋታ ወስደው በ1925 አገር አቀፍ አደረጉት። የሉዊቪል ከተማ ጋዜጣ ከሌሎች ጋዜጦች ጋር ባዘጋጀው የመጀመሪያ ውድድር ዘጠኝ ልጆች ለፍጻሜ ቀርበው የ11 ዓመቱ ፍራንክ ኒውሃውዘር አሸነፈ። ፎርት ዎርዝም ድርሻዋን ያገኘችው ገና ህንዳውያኑ በብዛት ወደ አካባቢው ከመምጣታቸው በፊት ነው። በ1973 ባሪ ትሪንክል የተባለች የከተማዋ ልጅ፣ ፎርት ዎርዝ ፕሬስ በሚባለው ጋዜጣ ስፖንሰርነት ቀርባ ብሔራዊውን ውድድር አሸንፋለች።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን የአግዳሚው ወንበር ዘመን ቀደም ብሎ አልፎ ነበር። ጆሴፍ ራይስ የተባለ ሐኪም በ1892 በአሜሪካ 36 ከተሞች እየዞረ ክፍሎችን አየ። ልጆች ምንነቱን የማያውቁትን ነገር በአንድ ድምፅ እየጮኹ ሲወጡ፣ ሲሳሳቱም ሲቀጡ አይቶ ጻፈ። በ1897 ደግሞ ከ30 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ፈትኖ፣ በቀን 40 ደቂቃ ቃላት የሚሸመድዱት 15 ደቂቃ ከሚያጠኑት የተሻለ እንደማይጽፉ አሳየ። ከእሱ በኋላ የመጡት የትምህርት ለውጥ አራማጆችም ልጅ መረዳት እንጂ መሸምደድ የለበትም አሉ። አባባላቸው ትክክል ነበር። ሆኖም ሽምደዳው ሲወጣ መጠየቁም አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ትምህርት ቤት ልጅ በብዛት የሚጠየቀው በፈተና ቀን፣ ያውም ማርክ ሊሰጠው ሆነ።

በኢትዮጵያ ይህ ልማድ እጅግ ረጅም ዕድሜ አለው፤ አሠራሩም ከቴክሳሱ የረቀቀ ነው። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ከመምህሩ ወይም ከፍ ካለ ተማሪ አጠገብ ይቀመጣል። በስንደዶ ፊደሉን እየነካ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ይጮኻል። የግእዙ ፊደል 26 ነው፤ በሰባቱ ድምፅ ሲባዛ 182 ይሆናል። መደዳውን በዜማ የለመደ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ሊያንበለብለው ይችላል። መምህራኑ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ በአቡጊዳ የፊደሉ ቅደም ተከተል ይለወጣል፣ ድምፁም ከግእዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየዘለለ ይሄዳል። በዜማ ተሸፍኖ የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ፊደሉን በእውነት የለየው ግን አይደናቀፍም።

ንባብ የሚጀመረው በዮሐንስ መልእክት ነው። ያው አንድ ገጽ አራት ጊዜ በአራት ዓይነት ይነበባል። በቁጥር እያንዳንዱ ፊደል ለየብቻው ይጠራል፤ በግእዝ ድምፁ ተጎትቶ ይነበባል፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይመጣል። የሚጠብቀውና የሚላላው፣ የሚነሣውና የሚወድቀው ሁሉ በጆሮ ይለያል። ከዚያ ልጁ ወንጌልን አልፎ ዳዊት ይገባል። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ስለሚደገም፣ ሰኞ የተባለው በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ይመጣል። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ድግስ ይደግስለት ነበር፤ ለብዙ ሰውም ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃል።

የቀኑ ትምህርት በመጽሐፍ ሲሆን የማታው በቃል ነው። መብራት አያስፈልገውም። ጎጆው ውስጥ ወይም ደጅ ላይ ተሰብስበው መምህሩ አንዲት ሐረግ ይላል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ እንዲህ ከአፍ ወደ ጆሮ ይሄዳሉ። ትናንት የተሰጠውን ያላሰማ ዛሬ አዲስ አይሰጠውም። ልጁ እንቅልፍ እየታገለው የተቀበለውን በማለዳ ተነሥቶ ከጓደኛው ጋር ይቀጽለዋል፤ ከዚያ እንደገና መምህሩ ፊት ይቀርባል።

ወደ ዜማ ቤት ሲገባ ሸክሙ ይጨምራል። የቅዱስ ያሬድ ነው የሚባለው ድጓ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚሸፍን ግዙፍ መጽሐፍ ነው። የድጓ ምስክር ለመሆን የሚሹ ተማሪዎች ከየአገሩ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳሉ፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር። እዚያ ማስታወስ የምላስ ሥራ ብቻ አይደለም። መቋሚያው፣ ጽናጽሉ፣ ከበሮው፣ የእግሩ አረጋገጥ ሁሉ ቃሉን ይዞ ይጎትታል። ቃል የጠፋበት ተማሪ ዜማው ይመልስለታል፤ ዜማው የጠፋበትን ንቅናቄው ያስታውሰዋል።

የውጭ ታዛቢዎች ብዙ ጊዜ ይህን ትምህርት ባዶ ሽምደዳ ይሉታል። ቅኔ ቤትን ያየ ግን እንዲህ አይልም። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ዋድላ፣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሜዳ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ማቅረብ አይቻልም፤ የሌላውንም መውሰድ ነውር ነው። በየዕለቱ አዲስ ነገር ለመናገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የግእዝ ግስና የቀደሙት መምህራን ቅኔ በጭንቅላት መከማቸት አለበት። በቃል የተያዘው ለፈጠራ ስንቅ ነበር።

ወሎ ውስጥ በየሐሪማው፣ በእስልምና ትምህርት ማዕከላቱ፣ የሚማሩት ደረሶችም ተመሳሳይ መንገድ ይዘዋል። የቁርኣኑ ክፍል በእንጨት ሉሕ ላይ በቀለም ይጻፋል፤ ደረሳው ሸኹ ፊት በቃሉ ሲወጣው ሉሑ ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍበታል። የታጠበው ጽሑፍ ከልጁ በቀር የትም አይገኝም።

ይህ ሁሉ ያለ ጣጣ አልነበረም። አለንጋውና ኩርኩሙ የትምህርቱ አካል ነበሩ፤ ኮብላይ ልጅ እግሩን የሚታሰርበትም ጊዜ ነበር። ብዙ ልጆች ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሲያነቡ የግእዙን ትርጉም አያውቁም። ቀለም አልገባ ያለው ተማሪ ደግሞ አቋራጭ ይፈልጋል። ትምህርት ይገልጣሉ የሚባሉ የአስማት ጽሑፎች ነበሩ፤ ከሁሉ የከፋው አብሾ ነው። አስተናግር ከሚባለው መርዛማ ተክል የሚዘጋጀው ይህ መድኃኒት አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ይጠጣ ነበር። ተክሉ ግን ቅዠት ያመጣል፣ ልብ ያስመታል፣ ሰው ሊገድልም ይችላል። ጠጥቶ ያበደ ተማሪ ታሪክ በየአገሩ ይወራል፤ ቁጡ ሰው እስከ ዛሬ «አብሾ አለበት» የሚባለው ከዚያ የተነሣ ነው። ዛሬ ዳላስ ውስጥ በየፋርማሲው መደርደሪያ «ለማስታወስ ችሎታ» ተብሎ የሚሸጠውን እንክብል የሚያነሣ ወላጅ የሚፈልገው ነገር፣ አብሾ የቀመሰው ተማሪ ከሚፈልገው ብዙ አይርቅም።

ህንዳውያኑም የራሳቸው አቡጊዳ አላቸው ማለት ይቻላል። የቬዳ ቃላትን ከመጻፍ ይልቅ በቃል ያቆዩት ካህናት አንድን ስንኝ በቀጥታ ብቻ አያጠኑትም። አንደኛውን ቃል ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ያጣምራሉ። ከዚያ ከፍ ባለው ደረጃ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገለበጡ ይወጡታል። አንድ ቃል ቢዘለል ወይም ቢለወጥ ጥምሩ ይፈርስና ስሕተቱ ወዲያው ይሰማል። ዩኔስኮ ይህን ልማድ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። የፍሪስኮና የአርቪንግ ልጆች የቬዳ ካህናት አይደሉም፤ ወላጆቻቸው አብዛኞቹ በኮምፒውተርና በምህንድስና ሙያ ወደ ቴክሳስ የመጡ ናቸው። ሆኖም ከእራት በኋላ ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ ቃል መጥራት በዚያ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1989 ጀምሮ የሚሠራው ኖርዝ ሳውዝ ፋውንዴሽን የተባለው የህንድ አሜሪካውያን ድርጅት በየከተማው የሚያካሂደው ውድድር ለልጆቹ ተጨማሪ የመለማመጃ መድረክ ሆኗል።

ሳይንሱ ወደዚህ የአጠናን ዘዴ የመጣው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን እያጠና መርሳቱን ለካ። በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ መርሳት ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳየ። በአንድ ቀን ተጭኖ ከማጥናት ይልቅ ለቀናት ከፋፍሎ ማጥናት እንደሚሻልም አገኘ። በ1917 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አርተር ጌትስ ለትምህርት ቤት ልጆች ምንባብ ሰጥቶ የተወሰነውን ጊዜ እንዲያነቡ፣ የቀረውን ዓይናቸውን ከወረቀቱ አንሥተው እንዲወጡ አደረገ። የተሻለ የያዙት ከጊዜያቸው ከግማሽ የሚበልጠውን ሳያዩ በመውጣት ያሳለፉት ሆኑ። ኸርበርት ስፒትዘር በ1939 ባሳተመው ጥናት በአዮዋ 3,605 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቀርከሃ አስነበበ። ወዲያው የተጠየቁት ልጆች ከሳምንታት በኋላ ካልተጠየቁት በብዙ ይበልጥ አስታወሱ።

እነዚህ ጥናቶች ለአሥርተ ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሁለት ምንባብ አስጠኑ። ተማሪዎቹ አንዱን ምንባብ ደግመው አነበቡ፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት ምንባብ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ ራሳቸውን ከጠየቁበት 56 በመቶውን አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ የታወቀው ሲጠየቅ ይለያል። ላላሰማ ልጅ አዲስ ቀለም የማይሰጠው የዜማ መምህር ያንኑ ሲያደርግ ኖሯል።

በዳላስ–ፎርት ዎርዝ ግን ማስታወስን ሙያ ያደረገ ሰው አለ። ሮን ዋይት በ2007 በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጠባባቂነት አፍጋኒስታን ዘምቶ የተመለሰ የአካባቢው ሰው ነው። በ2009 እና በ2010 የአሜሪካ የማስታወስ ሻምፒዮን ሆኗል። ከ2013 ጀምሮ በየከተማው አንድ ጥቁር ግድግዳ እያቆመ፣ በአፍጋኒስታን የሞቱ ከ2,300 በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን ማዕረግና ሙሉ ስም አንድ ወረቀት ሳይዝ በእጁ ይጽፋል። ቃላቱ ወደ 7,000 ይጠጋሉ። ሰዎች ቆመው ያዩታል፤ እናት የልጇ ስም እስኪደርስ ትጠብቃለች።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። ሲሴሮ እንደሚተርከው ግሪካዊው ባለቅኔ ሲሞኒደስ ግብዣ ላይ ሳለ ወደ ውጭ ተጠርቶ ሲወጣ ጣሪያው በተጋባዦቹ ላይ ወደቀ። ሬሳው ሊለይ ባልቻለ ጊዜ እሱ ማን የት ተቀምጦ እንደነበር በዓይነ ሕሊናው እያየ ለዘመዶቻቸው ነገራቸው። ዋይትም እንዲሁ በሚያውቃቸው ቤቶችና ክፍሎች ውስጥ እየተዘዋወረ በየጥጉ አንድ አንድ ሥዕል ያኖራል፤ ሥዕሉ ስሙን ይጠራለታል። ይህን ለትምህርት ቤት ልጆች ማስተማር ይቻላል። አሥር የታሪክ ክስተቶችን ከበሩ ጀምሮ እስከ መኝታ ቤቱ ድረስ ያስቀመጠ ልጅ ተራቸውን አይስትም። ነገር ግን ዋይትም ስሞቹን አንድ ጊዜ ሥሎ አልተወም፤ ለወራት በየቀኑ ደግሞ ደግሞ ራሱን እየጠየቀ ነው የያዛቸው።

ለማስታወስ ሌላ መንገድ የያዘው ደግሞ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ሥር የሚገኘው የአእምሮ ጤና ምርምር ማዕከል ነው። ሳንድራ ቦንድ ቻፕማን በ1999 ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሥልጠና አዘጋጅቷል። ልጁ ካነበበው ውስጥ ትርፉን እንዲጥል፣ ዋናውን በራሱ ቃል እንዲያጠናቅር፣ ከዚያ ለሌላ ሁኔታ የሚሆን ሐሳብ እንዲያወጣበት ያስተምረዋል። የማዕከሉ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝርዝር መሸምደድ የተማሩት ልጆች በዝርዝሩ ብቻ ሲሻሻሉ፣ ፍሬ ነገር ማውጣት የሠለጠኑት ፍሬ ነገሩንም ዝርዝሩንም ያዙ። የራይስ ወቀሳ እዚህ ላይ መልስ አግኝቷል። ቅኔ ቤት የለመደው ተማሪም ነገሩ አያስገርመውም፤ በየዕለቱ የያዘውን በአዲስ መልክ ማውጣት ነበረበትና።

ኢትዮጵያውያን ወደ ዳላስ በብዛት መምጣት የጀመሩት የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ፣ ብዙዎቹም በሱዳን በኩል ነው። መጀመሪያ በቪከሪ ሜዶው አፓርታማዎች ሰፈሩ፤ ከዚያ በግሪንቪል ጎዳናና በፎረስት ሌን ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ፤ ልጅ ሲወልዱ ወደ ጋርላንድ፣ ወደ ሪቻርድሰን፣ ወደ ፕላኖ ወጡ። ከእነዚህ ወላጆች ብዙዎቹ መደበኛ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ዛሬ ልጆቻቸው ቅዳሜና እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያንኑ ሀ ሁ ይላሉ። ስንደዶው በእርሳስ፣ የቆዳው ገበታ በታተመ ፖስተር ተተክቷል።

ልጆቹ ላይ ያለው ሸክም ግን ከአባቶቻቸው የተለየ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ይሰማሉ፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ቅዳሴ ላይ ግእዝ ይገጥማቸዋል። ዲቁና የሚማር ልጅ ግብረ ዲቁናውን በቃሉ መያዝ አለበት። አንዳንዱ ግእዙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ያጠናል፤ ሌላው መምህሩ በስልክ የቀዳለትን ድምፅ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማል። ድምፁን መስማት ለዜማው ጥሩ ነው፤ የተቀዳ ድምፅ ግን አይጠይቅም። መምህሩ የሚገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ጎንደር ላይ በማለዳ የሚቀጸለው ቀለም እዚህ ሰባት ቀን ይጠብቃል። ወላጅም ሁለት ፈረቃ ሠርቶ ይገባል። በዚህ መሀል ልጁ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን በአውራ ጎዳና 635 የሚሄድበት ግማሽ ሰዓት ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው የማሰሚያ ጊዜ ሆኗል። እናት መሪውን እንደያዘች ልጁ ከኋላ ወንበር ያለፈውን ሳምንት ይወጣል።

በሪቻርድሰን የሰሜን ቴክሳስ እስላማዊ ማኅበር የቁርኣን አካዳሚ አለው። ቁርኣን በቃል በሚያዝባቸው በእንዲህ ያሉ የሒፍዝ ትምህርት ቤቶች ቀኑ ብዙ ጊዜ ለሦስት ይከፈላል፤ አዲስ ትምህርት፣ ያለፉት ቀናት ትምህርት፣ ከወራት በፊት የተያዘው። አዲሱን ብቻ ይዞ አሮጌውን የጣለ ተማሪ ወደ ፊት አይሄድም። ኤቢንግሃውስ በ1885 ያገኘው ነገር እዚህ የዕለት መርሐ ግብር ነው።

በዓለማዊው ትምህርት ቤት ደግሞ የቴክሳስ ልጆች ከ2012 ጀምሮ ስታር የሚባለውን የክልሉን ፈተና በዓመቱ መጨረሻ ሲፈተኑ ኖረዋል። ለአንድ ዓመት የተማሩት በአንድ ሰሞን ይለካል፤ ውጤቱ ሲመጣ ልጁ ክፍሉን ጨርሷል። የክልሉ ምክር ቤት በ2025 ይህን ፈተና የሚያስቀር ሕግ አውጥቷል። ከ2027–28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመጀመሪያ፣ በመካከልና በማብቂያ የሚሰጡ ሦስት አጫጭር ፈተናዎች ይተኩታል። ውጤታቸውም ቶሎ ለአስተማሪው እንዲደርስ ታስቧል። ሦስቱ ፈተናዎች ለማርክ ብቻ ይሁኑ ወይስ ልጁ የረሳውን አውቆ መልሶ እንዲይዝ ያግዙት፣ የሚወስኑት የዳላስ፣ የጋርላንድና የፎርት ዎርዝ አስተማሪዎች ናቸው።